የደጋ ውሃና የማገዶ ነገር
በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ የመጠጥ ውሃን ስለ ማንጻት የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

በደጋ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰማው አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም የቆላ ውሃ ያሳምማል፥ የደጋ ውሃ ግን ጤና ነው የሚል ነው። ይልቁንም በመንዝ፥ በግሼና በላይኛው መርሐ ቤቴ፥ ከድንጋይ ሥር ኩልል ብሎ የሚወጣውን፥ ሲጠጡት ጥርስ የሚያደነዝዘውን ምንጭ የሚጠራጠር ሰው እምብዛም አይገኝም። ብርዱ ራሱ ውሃውን ያነጻው ይመስላል።

እኛም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ተሐዋስያን ተምረን፥ ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤታችን በተመለስን ጊዜ፥ ውሃ ሳይፈላ እንዳይጠጣ ለእናታችን አስረዳናት። እርሷም ሰምታ ከጨረሰች በኋላ፥ በምድጃው አጠገብ የተረፈውን ኩበት እያየች፥ «እንጀራውን በምን ልጋግረው? ውሃውንስ በምን ላፍላው?» አለችን። መልስ አልነበረንም። በዚያው ክረምት በጎረቤታችን አንድ ሕፃን በተቅማጥ ሞተ። የውሃው ጥፋት ይሁን የሌላ፥ ለይቶ የነገረን የለም፤ ነገር ግን የእናታችን ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ ከልባችን አልወጣም።

ይህችን አነስተኛ ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያን ጥያቄ በታሪክ በኩል ለመመርመር ነው። አሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፤ ብርድ ውሃን አያነጻም፤ ከጥንት ጀምሮ በሰው እጅ ያለው አስተማማኝ ማንጻት እሳት ነው፤ በመንዝ ደግሞ እሳት ከውሃ ይልቅ ውድ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የንጹሕ ውሃን ታሪክ ከማገዶ ታሪክ ለይቶ ማየት አይቻልም።

፩፤ አገሩ፥ ብርዱና ማገዶው

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በደቡብ የሞፈር ወንዝ፥ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፥ በሰሜን የቀጨኔ ወንዝ፥ በምሥራቅ ደግሞ ረጅም የተራራ ሰንሰለት ያዋስኑታል። ግሼ ከዚህ በስተሰሜን ይገኛል። መርሐ ቤቴ በስተምዕራብ ሆኖ፥ ደጋው ወደ ጀማ ሸለቆ እየወረደ ቆላ ይሆናል።

ከመንዝ ከፍተኛ ቦታዎች ሁሉ በስም የታወቀው ጓሳ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ሣሩም ውርጭ ለብሶ ያድራል። ከጓሳ የሚፈልቁት ጅረቶች ከፊሎቹ ወደ ምዕራብ ወደ ዓባይ፥ ከፊሎቹም ወደ ምሥራቅ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። እንግዲህ በላይ ያለው ሰውና ከብት በውሃው ላይ የሚያደርገው ሁሉ በታች ለሚኖረው ሰው ይደርሰዋል ማለት ነው።

በመንዝ ዛፍ ጥቂት ነው። የቤቱ ግድግዳ እንኳ ከእንጨት ይልቅ በድንጋይ የሚሠራው ስለዚህ ነው። ዋናው ማገዶ ኩበት ነው፤ ከጓሳ የሚለቀመው ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦም ይጨመርበታል። ባሕር ዛፍ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ለሸዋ ደጋ ብዙ ረድቷል፤ ዳሩ ግን ውርጭ በሚበረታበት ከፍታ ላይ እንደ ልብ አያድግም። ኩበት ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት፤ የነደደው ሁሉ ለገብሱ ማሳ ማዳበሪያ ሳይሆን ይቀራል።

ከሁሉ የሚከፋው ጊዜ ክረምት ነው። ኩበት በበጋ ተጠፍጥፎ፥ ደርቆ፥ ተከምሮ ይቀመጣል፤ ዝናብ ከያዘ በኋላ ግን አዲስ ማድረቅ ስለማይቻል ክምሩ እየጎደለ ይሄዳል። ያን ጊዜ ደግሞ ጎርፉ የሜዳውን እበትና ጉድፍ ጠርጎ ወደ ምንጩና ወደ ጅረቱ ያገባል። ስለዚህ ውሃ እጅግ በሚቆሽሽበት ወራት ማገዶ እጅግ ያንሳል። የእናታችንም ጥያቄ በክረምት የተጠየቀ ጥያቄ ነበር።

፪፤ ብርድ ያነጻልን?

ብርድ ንጹሕ ነው የሚለው አሳብ የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፊት የአውሮጳ ሐኪሞችም ቢሆኑ ብዙዎቹ በሽታ ከተበከለ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ምንም እንኳ ጆን ስኖው የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ ቢያሳይ፥ አሳቡ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም።

የአገራችን ታሪክ ለዚህ ምሳሌ አለው። በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በቆራጣ ሰፍሮ በነበረው በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ውስጥ ኮሌራ ገባ። በዚያ ጊዜ በንጉሡ እጅ ከነበሩት አውሮጳውያን አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነበር። ንጉሡም ምክር ቢጠይቁ፥ ዝቅተኛውን የሐይቅ ዳር ለቀው ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ ተነገራቸው፤ ሠራዊቱም ወጣ። ምክሩ ክፉ ምክር አልነበረም፤ ብዙ ሰው የተጨናነቀበትንና የቆሸሸውን ውሃ መተው ይጠቅማልና። ነገር ግን ጥቅሙ ከደጋው ብርድ የመጣ ሳይሆን የተበከለውን ውሃ ከመተው የመጣ ነው ብለን እንገምታለን። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሆነው በክፉው ቀን ረኃብም ኮሌራ ረኃቡን ተከትሎ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ፥ በሽታው «የነፋስ በሽታ» ይባል ነበር። ስሙ ራሱ ሰው ጠላቱን በውሃው ሳይሆን በአየሩ ይፈልግ እንደ ነበር ያስረዳል።

ስለ ብርዱ የሳይንስ ፍርድ የተሰጠው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው። ፕረደን የተባለው አሜሪካዊ የተሐዋስያን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው ጥናት፥ የታይፎይድ ተሐዋስያን በበረዶ ውስጥ ከ100 ቀን በላይ በሕይወት እንደሚቆዩ አሳየ። ከፊሎቹ ይሞታሉ፤ የቀሩት ግን ሰው ለማሳመም ይበቃሉ። ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛም በሞቀ ውሃ ውስጥ ቶሎ ሲሞት፥ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግን ሳምንታትን ብቻ ሳይሆን ወራትን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ብርድ ምግብን ከመበላሸት እንደሚያቆይ ሁሉ፥ በሽታንም ያቆያል። በውርጭ ሌሊት በቅሉ ውስጥ የረጋ ውሃ፥ ጧት ሲቀልጥ ትናንት ከነበረው የተሻለ አይሆንም።

፫፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያደርጉት የነበረው

ከዚህ የተነሣ ያለፈው ትውልድ ስለ ውሃ ምንም አያውቅም ነበር ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ማገዶ ሳያወጡ ውሃን መጠበቂያ ብዙ ልማዶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ።

አንደኛው ቦታ መለየት ነው። ዓይነ ምንጩ ለሰው ይተዋል፤ ከብት ከዚያ በታች ይጠጣል፤ ልብስ የሚታጠበው ደግሞ ከከብቱም በታች ነው። ይህ ሥርዓት በተጠበቀበት ቦታ ሁሉ ምንጩ ከጅረቱና ከኩሬው እጅግ የተሻለ ውሃ ይሰጣል። ሁለተኛው ማጥለል ነው። መንገደኛ ከኩሬ ሲጠጣ አልቅት ይፈራል፤ ስለዚህ ነጠላውን በአፉ ላይ አድርጎ ይመጠዋል። ነጠላ አልቅትንና ጉድፍን ይይዛል፤ በዓይን የማይታዩትን ተሐዋስያን ግን አብዛኞቹን ያሳልፋል።

ሦስተኛው ጠላ ነው። ብቅሉ፥ ጌሾውና አሻሮው በጋን ውስጥ ሲብላሉ የሚፈጠረው ኮምጣጣነትና አልኮል ብዙውን ተሐዋስያን ያዳክማል። ጋኑም በወይራ ይታጠናል። ነገር ግን ይህም ዋስትና አይደለም፤ ይልቁንም ቅራሪው። ጠላው ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ እንደ ገና ጥሬ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሰጠው ለልጆች ነው። እንግዲህ ወፍራሙን ጠላ ከሚጠጣው አባት ይልቅ፥ ቅራሪ የሚጠጣው ልጅ ለበሽታ የቀረበ ነው።

ዐራተኛው በሶ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍም ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረን እርሱ ነው። የመንዝ እረኛ፥ ነጋዴና ወታደር ስንቁ በሶ ነው። ገብሱ በቤት ተቆልቶ ይፈጫል፤ በመንገድ በውሃ ተለውሶ ወይም ተበጥብጦ ይበላል። ይህ ሥርዓት በማገዶ በኩል ሲታይ እጅግ ብልህ ነው፤ እሳቱ አንድ ጊዜ በቤት ይነድዳል፥ በሜዳ ግን አይፈለግም። ዳሩ ግን እሳት የነካው እህሉ እንጂ ውሃው አይደለም። በብርድ ቀን ሜዳ ላይ የሚውል ሰው ንጹሕ ምግብ በጥሬ ውሃ በጥብጦ ይመገባል ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚቆመው የጓሳ አጠባበቅ ነው። በአገሩ ሲነገር እንደ ኖረው፥ አስቦና ጌራ የተባሉት ቀደምት አባቶች መሬቱን ከተከፋፈሉበት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጓሳ በቀሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሕዝቡ የመረጠው ሹም ሳይፈቅድ ሣር ማጨድ፥ ከብት ማሰማራት፥ ጨረንፌ መልቀም አይቻልም ነበር። ሜዳው አንዳንድ ጊዜ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ይህ ሥርዓት የሣር ሕግ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል፤ እኛ ግን የውሃና የማገዶ ሕግም ነበር እንላለን። ከብት ያልረገጠው ሜዳ ዝናቡን መጥጦ ቀስ እያለ ለምንጩ ይለቃል፤ ያልተጨረሰው ቁጥቋጦም ለክፉ ቀን ይቀመጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቀሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞ፥ ስፍራው የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኗል።

፬፤ በአርበኝነት ዘመን

በሜዳ፥ በብርድና ያለ እሳት የመኖር ነገር ከሁሉ በላይ የተፈተነው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ጊዜ ነው። መንዝና መርሐ ቤቴ ራስ አበበ አረጋይ ከመሯቸው የሸዋ አርበኞች ምሽጎች መካከል ነበሩ። አርበኛው በገደልና በዋሻ ያድራል። እሳት ቢያነድድ ቀን ጭሱ፥ ሌሊት ብርሃኑ ለጠላት ምልክት ይሆናል፤ በላይ አውሮፕላን አለና። ስለዚህ የአርበኛው ሕይወት በበሶና በጥሬ ውሃ ላይ መቆም ነበረበት። ከጥይት ሌላ ተቅማጥም ጠላቱ እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም።

በዚያው ጦርነት እሳትም የማያድነው የውሃ ጥፋት ታየ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው፥ የኢጣልያ አውሮፕላኖች የመርዝ ጭስ በሰውና በከብት ላይ ብቻ ሳይሆን በወንዙ፥ በሐይቁና በግጦሹ ላይ እንዳዘነቡ ለዓለም ተናግረዋል። ይህ የተፈጸመው በሰሜን ጦር ግንባር ነው። መንዝ ግን ከዚህ ዕጣ አልዳነም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. አርበኞች ከነቤተሰቦቻቸው በተጠለሉበት በዘረት ዋሻ ላይ፥ ኢጣልያኖች የሰናፍጭ ጋዝና አርሴኒክ ያለበት መርዝ ተጠቀሙ፤ ከዋሻው ከወጡትም ብዙ ወንዶች ተረሸኑ። ነገሩ ለረጅም ጊዜ ከአገሩ ሰው በቀር በሰፊው ሳይታወቅ ቆይቶ፥ ኢጣልያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ሰነዶቹን እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ አደረገ፤ ከዚያም የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ዋሻውን አጠኑ። እሳት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ አርሴኒክን ግን አያጠፋም። ስለዚህ ውሃን ማፍላት የሚያገለግለው ለበሽታ እንጂ ለመርዝ አለመሆኑን ከዚህ ታሪክ ጋር አያይዘን ማወቅ ይገባናል።

፭፤ የማገዶው ሒሳብ

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። በመንዝ አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ምን ያህል እሳት ያስፈልጋል?

በመጀመሪያ፥ ውሃ በከፍታ ላይ ቀድሞ እንደሚፈላ እናስታውስ። በባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚፈላው ውሃ፥ በ3,500 ሜትር ከፍታ 88 ዲግሪ ያህል ላይ ይፈላል። በመንዝ ባቄላ ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚወስደው ስለዚህ ነው። የ19ኛው መቶ ዓመት ተጓዦች፥ ከእነርሱም የኢትዮጵያን ካርታ ያነሣው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ፥ የተራራን ከፍታ ያውቁ የነበረው ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት በመለካት ነበር። ታዲያ በ88 ዲግሪ የፈላ ውሃ ይነጻልን? አዎን፥ ይነጻል። የአንጀት በሽታ የሚያመጡት ተሐዋስያን በ70 ዲግሪ ውስጥ እንኳ በጥቂት ደቂቃ ይሞታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው እየተንተከተከ መፍላቱ ብቻ ይበቃል ይላል፤ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ለጥንቃቄ 3 ደቂቃ ይጨምራል። ውሃን 10 ወይም 20 ደቂቃ ማንተክተክ ግን አያስፈልግም።

ሒሳቡ ይህ ነው። የአንድ ሊትር ውሃ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ከፍ እንዲል አንድ ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። በጓሳ አጠገብ ጧት 5 ዲግሪ የሆነውን ውሃ እስከ 88 ዲግሪ ለማድረስ 83 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋል። በመርሐ ቤቴ፥ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ፥ 20 ዲግሪ የሆነው ውሃ በ93 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ 73 ይበቃዋል። አንድን ሊትር ሙሉ በሙሉ በእንፋሎት ለመጨረስ ግን 540 ያህል ይጠይቃል። እንግዲህ ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱ ሳይጠፋ ቆይቶ ከሊትሩ ስድስተኛው እጅ በእንፋሎት ቢያልቅ፥ የባከነው እሳት ሌላ ሊትር ለማፍላት ይበቃ ነበር። ስለዚህ «ውሃ አፍሉ» ከማለት ጋር «ሲፈላ አውርዱ፥ ክዳን ግጠሙ» ማለት በኩበት አገር እንደ ትንሽ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ለመድኃኒቱም እንዲሁ ብርዱን ማሰብ ያስፈልጋል። ውሃ አጋርንና ይህን የመሳሰለው ክሎሪን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሥራው ይዘገያል። በሞቀ አገር ግማሽ ሰዓት የሚበቃው፥ በብርድ አገር እጥፍ ጊዜ ቢቆይ ይሻላል፤ የደፈረሰውም ውሃ አስቀድሞ መጥለል አለበት። ቅዝቃዜ የማያግደው ዘዴ ደግሞ ፀሐይ ነው። ጥርት ያለ ውሃ በንጹሕና ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ብሩህ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት ቢቀመጥ፥ ሰማዩ ደመና ከሆነም ሁለት ቀን ቢቆይ፥ በጨረሩ ኃይል ይነጻል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አፍቲም አክራ የተባለው ምሁር በቤይሩት አጥንቶታል። በደጋ የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ፥ ከከብቱ ጋር በሜዳ ለሚውል እረኛ በበጋ ከዚህ የሚሻል አይገኝም፤ ኩበት አይፈጅምና። ክረምት ግን ፀሐይ አይታመንም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድር ነው? ውሃ ከቆሸሸ በኋላ ማንጻት ማገዶ ይጠይቃል፤ ውሃው እንዳይቆሽሽ መጠበቅ ግን አጥርና ስምምነት ይጠይቃል። በመንዝ የሚያንሰው ማገዶ ነው፤ የስምምነት ልማድ ግን በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ታይቷል። በመርሐ ቤቴም ሰው ለሰው የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሠራበት ዘመን ምንጮች በግንብ ተከልለው በቧንቧ እንዲወርዱ ተደርጓል። ዓይነ ምንጩን ለሰው ለይቶ ከከብት የሚጠብቀው የቀድሞ ልማድና የዛሬው ግንብ አንድ አሳብ ናቸው፤ ግንቡ ልማዱን አጸናው እንጂ አልሻረውም።

ከጓደኞቻችን ተማሪዎች ብዙዎቹ ነገ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ሆነው ወደ ደጋው ይሄዳሉ። ወደ አንድ ቤት ገብተው ስለ ውሃ ከመናገራቸው በፊት የኩበቱን ክምር እንዲያዩ እንለምናቸዋለን። ክምሩን ሳያዩ የሚሰጥ ምክር፥ እኛ ለእናታችን እንደ ሰጠነው ምክር፥ እውነት ሆኖ ሳለ የማይፈጸም ምክር ነው።

እኛም ያን ጊዜ ያጣነውን መልስ አሁን እንዲህ አድርገን እንሰጣታለን። ለሁሉ የሚሆን ማገዶ ከሌለ፥ አስቀድሞ የሕፃኑና የታመመው ሰው ውሃ ይፍላ። እንጀራው ተጋግሮ ካለቀ በኋላ በምድጃው የቀረው ፍም ውሃውን ያሙቀው፤ ከዚያ በጥቂት ኩበት ይፍላ፤ ሲንተከተክም ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይውረድ፤ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ። በበጋ ጠርሙሱ ከእረኛው ጋር ፀሐይ ላይ ይዋል። ምንጩን ግን እርሷ ብቻዋን ማጠር አትችልም፤ ያ የመንደሩ ሁሉ ሥራ ነው፤ ከመንደሩም መካከል እኛ አለንበት።